ካፕቸር ካርዱን የደበቀው ሁለተኛው ኤም.2 ነው

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ጂቲኤክስ 1660 ግራፊክስ ካርድና ሁለት ኤንቪኤምኢ ኤም.2 ኤስኤስዲ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰኩ ፈጣን ዲስኮች) አለው። ለላይቭ ሥራ ብዬ አራት ካሜራ የሚቀበል ካፕቸር ካርድ ከዱባይ አስመጣሁ። ከግራፊክስ ካርዱ በታች ባለው ረጅም ስሎት ላይ ስሰካው ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ካፕቸሩን በእሱ ቦታ ሲሰኩት ታየ። ‹ሁለቱ ካርዶች አይአርኪው ተጋጭተዋል፤ ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረግ፤ ካልሆነ ማዘርቦርድ ቀይር› አሉኝ። የጥር ሰርጎች ፕሮጀክት በሙሉ ያለው ሁለተኛው ኤም.2 ላይ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ፎርማት አያስደርጉ። ማዘርቦርድም አይግዙ። ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት ካርዱ ደህና ነው፣ ቦርዱ ደህና ነው፣ ዊንዶውሱም ደህና ነው። ችግሩ ያለው የሰርጎቹ ፕሮጀክት የተቀመጠበት ሁለተኛው ኤም.2 በተሰካበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ካቻቢቴና ጥቂት ደቂቃ ይበቃዎታል። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንዲህ እንደምል ይረዱልኝ፤ ካልገባዎት ነገ ሌላ ካርድ ሲሰኩ ያው ችግር ይመለሳል።

ጥገና ቤቱ ያየው ነገር እውነት ነው። የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ካፕቸሩን ወደ ላይኛው ስሎት ሲያዛውሩት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ቀይረዋል። ግራፊክስ ካርዱን አወጡ፤ የካፕቸሩንም ስሎት ቀየሩ። ታዲያ ካርዱ የታየው በየትኛው ምክንያት ነው? ግራፊክስ ካርዱን አውጥተው ካፕቸሩን እዚያው ታችኛው ስሎት ላይ ቢተዉት ኖሮ መልሱ ይገኝ ነበር። ፕሮሰሰርዎ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ስክሪኑ ከማዘርቦርዱ ይሠራል፤ ሙከራው ቀላል ነበር። እንደ እኔ ግምት ካርዱ ያኔም አይታይም ነበር። ስለዚህ የተጣሉት ሁለቱ ካርዶች አይደሉም።

አሁን ወደ አይአርኪው ልምጣ። አይአርኪው ማለት አንድ ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር ነው። ይህ ቃል በጥገና ቤቶች እስካሁን ይነገራል፤ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ነው። ያኔ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የነበሩት የአይአርኪው መስመሮች 16 ብቻ ነበሩ። ሰዓቱ 0ን፣ ኪቦርዱ 1ን፣ ፍሎፒው 6ን፣ ፕሪንተሩ 7ን ይይዛል። ሳውንድ ካርድ የሚሰካ ሰው በካርዱ ላይ ያለውን ጃምፐር እያነሳ እየመለሰ ነፃ ቁጥር ይፈልግ ነበር። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ አንዱ ይዘጋል ወይም ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ግጭት የሚባለው ያ ነበር፤ እውነተኛ ችግርም ነበር። ፒሲአይ የሚባለው የካርድ ማገናኛ ሲመጣ ካርዶች አንድን መስመር መጋራት ቻሉ። የዛሬው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ ጭራሽ ሽቦ አይጠብቅም፤ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራው መልእክት በመጻፍ ነው። እርስዎ ቦርድ ላይ በአይአርኪው የሚጣላ ካርድ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአይአርኪው ችግር ቢኖር እንኳ ካርዱ ይታያል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ «ማን አለ?» ብሎ እያንዳንዱን ስሎት ይጠይቃል። ቁጥር የሚያድለው ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱ ታይቶ ካልሠራ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የዕቃ ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ይዞ ይቀመጣል። የእርስዎ ካርድ ግን ቢጫ ምልክትም የለው፣ «የማይታወቅ ዕቃ» ተብሎም አልተመዘገበ። ታይቶ የማይሠራ ካርድና ጨርሶ የማይታይ ካርድ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ነው። ለሁለተኛው ድራይቨር መጫንም ሆነ ዊንዶውስ መቀየር ምንም አያመጣም፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ገና ስለ ካርዱ አልሰማም።

እንግዲህ ለምን አይታይም? ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራው ሌን በሚባሉ መስመሮች ነው። እርስዎ ጋ ያለው ፕሮሰሰር 24 ሌን አለው። 16ቱ ለላይኛው የግራፊክስ ስሎት ናቸው። 4ቱ ለመጀመሪያው ኤም.2 ይሄዳሉ። የቀሩት 4ቱ ፕሮሰሰሩን ከቺፕሴቱ፣ ማለትም ሌሎቹን ዕቃዎች ከሚያስተናግደው የቦርዱ ቺፕ ጋር ያገናኛሉ። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ታችኛው ረጅም ስሎት፣ ትንንሾቹ ስሎቶች፣ የኔትዎርክ ቺፑ፣ ሁለተኛው ኤም.2፣ ከቺፕሴቱ ነው የሚመገበው። ቢ450 ቺፕሴት ያለው ደግሞ 6 ሌን ብቻ ነው፤ እሱም የሁለተኛው ትውልድ፣ የድሮው ቀርፋፋው። እስቲ ይደምሩት። ካፕቸር ካርድዎ 4 ሌን ይፈልጋል። ሁለተኛው ኤም.2 በሙሉ ጉልበቱ እንዲሠራ 4 ይፈልጋል። ኔትዎርኩ 1 ይወስዳል። ድምሩ 9 ነው። ያለው 6 ነው።

ቦርድ አምራቾች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። መፍትሔ ብለው ያስቀመጡት መቀያየሪያ ነው። ጄኔሬተር ያለው ግቢ ውስጥ ያለውን ቼንጅ ኦቨር ያስቡት። ወይ የመብራት ኃይሉን ይሰጥዎታል፣ ወይ የጄኔሬተሩን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በብዙ ቢ450 ቦርዶች ላይም ሁለተኛው ኤም.2 ላይ ኤንቪኤምኢ ሲሰካ መቀያየሪያው ወደዚያ ይዞራል፤ ታችኛው ረጅም ስሎት ይሞታል። ስሎቱ አልተበላሸም፤ መስመሩ ተወስዶበት ነው። በአንዳንድ ቦርድ ደግሞ የሚሞተው የሳታ ፖርት (የተራ ዲስክ ገመድ የሚሰካበት) ነው፤ ሰው ኤም.2 ይሰካና «ሃርድ ዲስኬ ጠፋ» ብሎ ይደነግጣል።

ይህ በቦርዱ ማኑዋል ውስጥ ተጽፏል። የቦርዱ ስም ራሱ ቦርዱ ላይ በትልልቅ ፊደል ታትሟል። ያንን ስም ይዘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ማኑዋሉን ያውርዱ። ስለ ስሎቶችና ስለ ኤም.2 የሚያወራውን ገጽ ይክፈቱና ከሰንጠረዡ ሥር በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ። «ይህ ሲሰካ ያኛው አይሠራም» የሚል አረፍተ ነገር ይፈልጉ። ካርድ ከመግዛት በፊት ይህችን አንዲት ገጽ ያነበበ ሰው ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ ያተርፋል። ስሎቱ ረጅም መሆኑም አያታልልዎ። ርዝመቱ ፕላስቲኩ ነው፤ ውስጡ 4 ሌን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም 1።

አሁን ሙከራው። መጀመሪያ ግን ፕሮጀክቶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ኤም.2ን መንቀል ፋይል አያጠፋም። ቢሆንም ሰርግ ተመልሶ አይቀረጽም፤ የሰው ሰርግ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ተቀምጦ ቦርድ አይነካም። ኮምፒውተሩን ያጥፉ። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ5 ሴኮንድ ያህል ተጭነው በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ያድርጉ። የኬዙን ባዶ ብረት በእጅዎ ይንኩ። ሁለተኛውን ኤም.2 የያዘችውን ብሎን ፈተው ያውጡት። ካፕቸሩን ታችኛው ስሎት ላይ እስኪገባ ድረስ ይጫኑት፤ ግራፊክስ ካርዱን እንደነበረ ይተዉት። ያብሩና ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ሲጫን ሁለቱም ዲስኮች ተሰክተው ከነበረ፣ ማስነሻ ፋይሉ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ሁለተኛውን ሲነቅሉ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። አይደንግጡ። መልሰው ሲሰኩት ይነሳል። አስቀድመው ለማወቅ ከፈለጉ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው «ኢኤፍአይ» የሚለው ትንሽ ክፍል የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ሁለተኛው ላይ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወደ መጀመሪያው ያዛውርልዎታል። ይህም ያለ ፎርማት ይሠራል። «የግድ ፎርማት» የሚል ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ካርዱ ከታየ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ቢጫ ምልክት ይዞ ቢታይም ታይቷል ማለት ነው። ኮድ 28 ካለ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ ይጫኑት። ኮድ 10 ካለ ድራይቨሩ ካርዱን ማስነሳት አቅቶታል፤ አዲሱን ስሪት ይሞክሩ። ኮድ 12 ብቻ ነው የድሮውን ግጭት የሚመስል። ኮምፒውተሩ ለካርዱ የሚሰጠው የአድራሻ ቦታ አጥቷል ማለት ነው። ያኔ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ «አቦቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ» የሚለውን ያብሩ።

ኤም.2ው ወጥቶም ካርዱ ካልታየስ? ያኔ ግምቴ ስቷል ማለት ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ካርዱን አውጥተው የወርቅማውን ጫፍ በንጹሕ ላጲስ በስሱ ያሹት፣ ብናኙን ያራግፉ፣ መልሰው ይሰኩ። ባዮስ ውስጥ ያንን ስሎት የሚዘጋ ምርጫ እንዳለ ይዩ። ከዚያ ባዮሱን ያድሱ፤ ይህን ግን ያለ ዩፒኤስ እንዳይሞክሩት። ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢሄድ ደህና የነበረው ቦርድ በድን ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ስሎቱ ራሱ ሞቶ ይሆናል። ካርዱ ላይኛው ስሎት ላይ መታየቱ ካርዱን ነፃ አውጥቶታል።

ዕቃ ሲሰኩ ሌላ ዕቃ የጠፋ በመሰለ ቁጥር ግን መስመር ተወሰደ ማለት እንዳልሆነም ላንሳ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ካርድ ጨመርኩ። ኔትዎርኩ ወዲያው ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ግጭት ስፈልግ አደርኩ። ኔትዎርክ ካርዱ ግን አልጠፋም ነበር። አዲሱ ካርድ ሲገባ የስሎቶቹ ቆጠራ በአንድ ገፋ። ሊኑክስ ኔትዎርክ ካርድን በዚያ ቁጥር ስለሚሰይም ስሙ ተቀየረ፤ የድሮው ስም ላይ የተጻፈው አድራሻ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዕቃው ይታያል ወይስ አይታይም?» ብዬ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ሙከራው ግምቴን ካረጋገጠ ምን ይሻላል? ቁጥሮቹን እንይ። በአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 50 ፍሬም ይቀርጻሉ ብዬ ልነሳ። ያልታመቀ አንድ የፉል ኤችዲ ካሜራ ምስል በሴኮንድ 207 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። አራቱ ሲደመሩ 830 ይደርሳሉ። አንድ የሁለተኛ ትውልድ ሌን የሚያሳልፈው ቢበዛ 500 ሜጋባይት ነው። ሁለት ሌን በወረቀት 1,000 ቢሆንም በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ ለ830 ይጠባል። አራት ሌን 2,000 ያሳልፋል። ስለዚህ ካፕቸር ካርዱ አራቱንም ሌን ማግኘት አለበት። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ኤስኤስዲው ግን ቦታ ቢቀይር አይጎዳም። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ ፋይል ሲነበብ 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ ታይምላይን ላይ ቢደረድሩ 50። ተራ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ እስከ 550 ገደማ ያነባል። ለኤዲቲንግ የኤንቪኤምኢን ፍጥነት ያጣሉ ብሎ የሚያስፈራራዎትን አይስሙ። ልዩነቱን የሚያዩት ትልልቅ ፋይል ሲገለብጡ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው። ጥሩ ሳታ ኤስኤስዲ ይግዙና የሥራ ፕሮጀክቶችዎን እዚያ ያስቀምጡ። ካፕቸሩን ታችኛው ስሎት ላይ ይተዉት። ከቦርዱ የወጣውን ኤም.2 የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝተው ውስጡ ያስገቡትና የባክአፕ ዲስክ ያድርጉት። ምንም ዕቃ አይጣልም፤ እስካሁን ያልነበረዎትን ባክአፕም ያገኛሉ። የሳታ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ግን ያንኑ የማኑዋል ገጽ አንዴ ይዩ፤ የመጀመሪያው ኤም.2 የሚዘጋው ሳታ ፖርት ካለ ቁጥሩ ተጽፏል።

ሌሎች ምክሮች ይሰጡዎታል። ትንሿ ስሎት ላይ በማራዘሚያ ይሰካ የሚልዎት ይኖራል፤ ለክሪፕቶ ማይኒንግ የወጡ ርካሽ ማራዘሚያዎች ገበያ ላይ አሉ። አይግዙ። ሌኑ 1 ነው፤ አራት ካሜራ በዚያ አያልፍም፣ ምስሉ ይቆራረጣል። አንዳንዶቹ ኃይል የሚወስዱት ከሳታ ፓወር ገመድ ነው። ያ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ብዙ ኃይል የሚስብ ካርድ ተሰክቶበት የቀለጠ ገመድ በዓይኔ አይቻለሁ። ካፕቸሩን ላይ፣ ግራፊክሱን ታች አድርግ የሚልም ይኖራል። ሌኑ ከተለቀቀ ይሠራል፣ ግን ግራፊክስ ካርድዎን ከ16 ሌን ወደ 4 የድሮ ሌን ያወርዱታል። ላይቭ ሲያስተላልፉ ቪዲዮውን የሚያምቀው እሱ ነው፤ አያሳንሱት። የዩኤስቢ ካፕቸር ለአንድ ካሜራ ጥሩ ነው። አራቱን በአንድ ላይ ዩኤስቢ ላይ መጫን ግን ሌላ ራስ ምታት ነው።

ማዘርቦርድ መቀየር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በላይ ካርድ ለመጨመር ካሰቡ ብቻ ነው። ኤክስ570 ቦርዶች ብዙ ሌን አላቸው፤ ፕሮሰሰርዎም ይገጥማቸዋል። ያኔም ቢሆን ማኑዋሉን ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ። ውድ ቦርድም ቼንጅ ኦቨር አለው።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ካርድ ገድሎ ስላየሁ በቸልታ አላልፈውም። ብዙ ቤትና አዳራሽ ውስጥ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ኬዙን ሲነኩ የሚነዝርዎት ለዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ከአንድ ሶኬት፣ ካሜራው ከሌላ፣ አንዳንዴም ከጄኔሬተር ሲሆን በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራል። ኤችዲኤምአይ ገመዱን በሰኩ ቅጽበት ያ ልዩነት በካፕቸሩ በኩል ያልፋል፤ ፖርቱም ሊቃጠል ይችላል። በሰርግ ላይ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዩፒኤስ ወይም ከአንድ ማከፋፈያ ያብሩ። ኤችዲኤምአይውን አስቀድመው ይሰኩ፣ ከዚያ ኃይል ይልቀቁ። በሥራ መሐል ገመድ ነቅለው አይሰኩ።

የቀረው ሙቀት ነው። ካፕቸሩ ከግራፊክስ ካርዱ ፋን ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከመጀመሪያው የላይቭ ሥራዎ በፊት ቤትዎ ውስጥ አራቱንም ካሜራ ሰክተው፣ ኬዙን ገጥመው፣ ለ3 ሰዓት ያለማቋረጥ ይቅረጹ። የመቅረጫው ሶፍትዌር የጣለውን ፍሬም ይቆጥራል። ከጅምሩ እየጣለ ከሆነ ካርዱ ስንት ሌን እንዳገኘ ያረጋግጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጀመረ ችግሩ ሙቀት ነው፤ የኬዙ ፊት ላይ ፋን ይጨምሩና እንደገና ይቅረጹ።